የልጆችን ቁርስ ከጠዋት ወደ ቅዳሜ የማዛወር ሥራ፦ የሂደት ማስታወሻ

ጳጉሜን፣ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን

ባለቤቴ በሥራዋ ጠባይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ከቤት ስለምትወጣ፣ ሁለቱን ልጆች አልብሶና አብልቶ 1 ሰዓት ላይ ለሚደርሰው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ማስረከብ የእኔ ድርሻ ነው። ትልቋ 8 ዓመቷ ሲሆን ታናሽ ወንድሟ 4 ዓመቱን ይዟል። ታጥበውና ለብሰው ገበታ ላይ እስኪቀርቡ ድረስ ጊዜው ስለሚያልቅ ለመብላት የሚተርፈን ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው፤ ባለፈው ዓመት ይህን ጊዜ የሞላነው በአብዛኛው በዳቦና በሻይ ነበር። ዳቦ በሻይ የሚናቅ ቁርስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ያደግነው በእሱ ነው። ነገር ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ዳቦ በስኳር ሻይ ነክሶ የሄደ ልጅ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይርበዋል፣ ቦርሳው ውስጥ ያለውን ብስኩት አውጥቶ ይበላል፣ ከዚያም ምሳውን ሳይነካ ይመልሳል።

በግቢያችን ያሉ ጎረቤቶች የሚያደርጉትን ለማወቅ ሰሞኑን ስጠይቅ ሰንብቻለሁ። አንደኛዋ የማታውን ወጥ አሙቃ እንጀራ ትፈተፍትላቸዋለች፤ ሌላዋ እንቁላል በዳቦ ትሰጣለች፤ ሦስተኛው ቤት ደግሞ ልጆቹ ኢንዶሚ ካልሆነ አንበላም ብለው ወላጆቻቸውን አሸንፈዋል። ልጆቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ጎረቤቶቼ ከዚህ ጭንቀት በከፊል ነፃ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባልና። የእኛዎቹ ግን የሚማሩት በግል ትምህርት ቤት ስለሆነ ከቤት በልተው መውጣት አለባቸው።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት መመሪያ የሚከተለው ነው። ቁርሱ ጠዋት ከ10 ደቂቃ በላይ እሳት ላይ መቆየት የለበትም፤ መብራት ቢጠፋም በትንሿ የጋዝ ምድጃ ወይም ያለ እሳት መሠራት መቻል አለበት፤ ከእህሉ ጋር ጥራጥሬ፣ ወተት ወይም እንቁላል መኖር አለበት፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም መልክ ሊኖረው ይገባል፤ በመጨረሻም እኔ ባልኖር ባለቤቴ ወይም አማቴ ሳይጠይቁኝ ሊያዘጋጁት መቻል አለባቸው። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ምግብ ከየትኛውም ሱቅ ገዝቼ ማምጣት አያስፈልገኝም። አርሶ አደሩ፣ ነጋዴውና ዘማቹ ማገዶና ጊዜ በሌለበት መንገድ ላይ እንዲበሉት ተብሎ የተዘጋጀ ስንቅ ከጥንት አለን፤ የስንቅ ሥራው በሙሉ የሚያልቀው ከመንገዱ በፊት ነው። የእኛ መንገድ ከአልጋ እስከ ሰርቪስ ነው እንጂ ችግሩ አንድ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን ከጠዋት ነቅዬ ወደ ቅዳሜ አዛውረዋለሁ።

ቅዳሜ፣ በሶ

የጀመርኩት ከበሶ ነው። እህል በረንዳ ላይ የነበረው ነጋዴ ሁለት ዓይነት ገብስ አሳየኝ፤ አንደኛው ለጠላም ለእንጀራም የሚሆን ተራ ገብስ ሲሆን፣ ሌላው ሰነፍ ቆሎ የሚባለውና ልጡ በቀላሉ የሚለቀው ነው። አማቴ አስቀድመው «ለበሶ ልጡ የማያስቸግርህን ያዝ፤ ገለባ ያለበት በሶ የሕፃን ጉሮሮ ይቧጥጣል» ብለውኝ ስለነበር ከሰነፍ ቆሎው 5 ኪሎ ገዛሁ።

ሥራው እንዲህ ሄደ። ገብሱ ከጠጠርና ከእንክርዳድ ተለቀመ፤ በጥቂት ውሃ ራስ ራስ ተደርጎ ጥቂት ከቆየ በኋላ በብረት ምጣድ ታመሰ፤ ከዚያም በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው በሰፌድ ተበጠረ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበረብን፤ ነገር ግን የሩፋኤል ዝናብ ጳጉሜንን በሙሉ የራሱ አድርጎት ስለነበር እርጥበቱን ያወጣነው በምጣዱ ላይ በለዘብታ እሳት ነው። ሁለተኛው ቆላ ዋናው ሲሆን ለበሶው ጣዕም የሚሰጠውም እሱ ነው። እሳቱ ሲበዛ ገብሱ ከውጭ ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ፣ እጅ ሳይቋረጥ እየተማሰለ፣ ሲሰበር ውስጡ የወርቅ መልክ እስኪይዝ ድረስ መቆላት አለበት። አማቴ ከአጠገቤ ተቀምጠው ፍሬውን በጥርሳቸው እየሰበሩ «ገና ነው» ወይም «አውጣው» ይሉኝ ነበር፤ ከሰዓት ይልቅ የሚታመነው ይህ መለኪያ ነው።

ወፍጮ ቤት ላይ ሁለት ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ከእኛ በፊት ሽሮ ወይም በርበሬ ከተፈጨ የመጀመሪያው ዱቄት የእሱን ቅመም ይዞ ስለሚወጣ፣ ጥቂት ጭብጥ ገብስ አስቀድሞ አሳልፎ ያንን ለብቻ ማስቀመጥ ይገባል። ሁለተኛው፣ በሶ ልሞ መፈጨት አለበት፤ ሸካራ ከሆነ ውሃው ውስጥ ይዘቅጥና ልጁ ከላይ ውሃ፣ ከታች አሸዋ ይጠጣል። ዱቄቱ ከወፍጮ ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ ወዲያው ቆርቆሮ ውስጥ አልከደንኩትም፤ ላብ አውጥቶ እንዳይሻግት በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የታሸገው። ደረቅ ሆኖ ከተያዘ ለወራት ይቀመጣል።

መስከረም፣ ትምህርት እንደ ተከፈተ

ትልቋ በሶ ብጥብጡን ያለ ክርክር ተቀበለች። በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ይገባል፤ ክዳን ባለው ጠርሙስ ተደርጎ በደንብ ይናጣል። ሥራው ካልሲ ከማድረግ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ዱቄቱ የተቆላ ስለሆነ መብሰል አያስፈልገውም፤ ውሃው ንጹሕ መሆኑ ግን ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ማታ ማታ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ አፍልቶ ከድኖ ማሳደር ከሥራው ጋር ተቆራኝቷል። ውሃውን በወተት ስተካው ብርጭቆው ከዳቦ በሻይ የሚበልጥ ቁርስ ሆኗል፤ በጾም ቀን ደግሞ በውሃ ይመለሳል።

ታናሽየው ግን ብጥብጡን አንድ ጊዜ ቀምሶ «ጭቃ ነው» አለ፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ። ለእሱ የሠራልን ጭኮ ነው። በአርሲ፣ በባሌና በሰላሌ ያሉ ቤቶች በደንብ እንደሚያውቁት፣ የበሶ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ሲታሸ ውሃ ስለሌለበት ሳይበላሽ የሚቆይ፣ እፍኝ የማይሞላው የሚያጠግብ ምግብ ይሆናል። አዋቂ የሚበላው ሚጥሚጣና ኮረሪማ አለበት፤ ለልጁ ግን ኮረሪማውን አሳንሼ፣ ሚጥሚጣውን ትቼ፣ ማር ጨምሬ እንቁላል በሚያህል ድብልብል አድርጌ ሠራሁለት። እሑድ የተሠራው በተከደነ ዕቃ እስከ ዓርብ ይደርሳል። ልጁ አንዱን ድብልብል ከአንድ ኩባያ ለብ ያለ ወተት ጋር ይበላል፤ እጁን መታጠብ ይቀራል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

እዚህ ላይ ለሌሎች ወላጆች የምለው ጥንቃቄ አለ። ደረቅ በሶ ሕፃን እየሳቀ ወይም እየሮጠ ከቃመው ዱቄቱ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላልና ለትንሽ ልጅ የሚሰጠው በደንብ የታሸ ወይም የተበጠበጠ ብቻ መሆን አለበት። ቆሎና ሙሉ ለውዝም እንዲሁ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃሉ። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይሰጥም።

በዚያው ወር፣ ቅንጬ

ቅንጬን የተውነው ጠዋት ጠዋት ስለሚያስጠብቅ ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ከእህሉ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቆላ አገር ቶሎ የሚበስለው ሽርክት ስንዴ እኛ ዘንድ ድስቱ ላይ ይሰነብታል። መፍትሔው ማታ መዘፍዘፍ ሆኖ ተገኘ። ከራት በኋላ አንድ ኩባያ የታጠበ ሽርክት በሦስት ኩባያ ውሃ ተዘፍዝፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ከነውሃው እሳት ላይ ይጣዳል፤ ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ ለስልሶ ይጠብቃቸዋል። ሽርክቱ ደቀቅ ያለ ከሆነ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቅቤና ጨው ከእሳት ሊወርድ ሲል ይገባሉ።

ብዛት ያለው ቅንጬ እሑድ አብስሎ በየሣህኑ ማቀዝቀዝንም ሞክሬዋለሁ። የበሰለ እህል ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ይጠነክርና ቅንጬው እንደ አይብ በቢላ የሚቆረጥ ይሆናል፤ ጥቂት ወተት ወይም ውሃ ተጨምሮ ሲሞቅ ይመለሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ለሁለት ቀን ያህል የሚቻል ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የተዘፈዘፈውን እመርጣለሁ። የገብስ ቅንጬና የስንዴ ቅንጬ ሲነጻጸሩ ልጆቹ የስንዴውን ይወዳሉ፤ ሆድ ውስጥ የሚቆየው ግን የገብሱ ነው። በገብስና በአጃ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወፍራምና የሚያዳልጥ ስለሚሆን ምግቡን ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ አስከካለሁ፤ እስካሁንም ቅሬታ አልመጣም።

ረቡዕና ዓርብ

ትልቋ 7 ዓመት ከሞላት ጀምሮ እንደ ልማዱ የጾም ምግብ ትመገባለች፤ ሰዓት ግን አትጠብቅም። ታናሽየው ገና ነው፤ ሆኖም እህቱ የምትበላውን ካልበላ ቤቱ ስለማይበርድ ለሁለቱም አንድ ዓይነት እሠራለሁ። የጾም ቁርስ ችግሩ ጾም መሆኑ ሳይሆን ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ሲወጡ በቦታቸው ምንም ሳይተካ መቅረቱ ነው፤ ዳቦ በሻይም የሚበዛው በእነዚህ ቀናት ነው።

በቅቤው ቦታ ለውዝን አስገባሁ። የተቆላ ለውዝ ልጡ ተገፍፎ፣ በሙቀጫ እስኪያዛ ድረስ ተወቅጦ በጠርሙስ ይቀመጣል፤ ቅንጬ ላይም፣ ዳቦ ላይም፣ በሶ ማሻ ሆኖም ያገለግላል። ለውዝ ሲገዛ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን አንድ በአንድ ለቅሞ መጣል የግድ ነው፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ተልባም አለን፤ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ እንጀራ ሲፈተፈትበት ትልቋ ትወደዋለች። ከተፈጨ በኋላ ግን ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ እፈጫለሁ። የሱፍ ፍትፍት ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ሆኖም ሱፉን መውቀጥና ማጥለል ለጠዋት የሚሆን ሥራ ስላልሆነ ማታ ተጠልሎ ማቀዝቀዣ ካደረ ብቻ ይቻላል። ይህን የምሠራው ጉልበት ሲኖረኝ ነው።

ጨጨብሳ

ይህ አጭር ነው። ቂጣውን ማታ ጋግሮ፣ ቆራርሶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር፤ ጠዋት በቀለጠ ቅቤ ማሸትና ለትልቋ በርበሬ፣ ለትንሹ ማር መጨመር። ያደረ ቂጣ ስለሚደርቅ ቅቤውን ሳይላቁጥ ይጠጣል፤ እንዲያውም ከትኩሱ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብና መብራትም ጠዋት ስለማይታመን ምጣድ የሚነካ ሥራ ሁሉ ወደ ማታ ተወስዷል።

ጥቅምት፣ ምጥን ዱቄት

ከሥራው ሁሉ ብዙ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ገንፎና አጥሚት በቤታችን የአራስና የሕመምተኛ ምግብ ሆነው ቀርተው ነበር። እኔ ግን ትንሹ ልጅ ጉንፋን ይዞት ማኘክ በሚጠላበት ጊዜም፣ በደህናው ቀንም የሚጠጣ፣ ከእህል ብቻ ያልተሠራ ዱቄት እፈልግ ነበር። እህሎች ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬዎች ደግሞ እሱ አላቸው፣ ለእነሱ የሚጎድላቸውን ሜቲዮኒንን እህሉ ይሞላላቸዋል። ሁለቱ አብረው ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍናል። ፋፋ ዱቄት የተመሠረተው በዚሁ መርሕ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ተቋቁሞ በነበረው የሕፃናት ምግብ ክፍል ውስጥ ሲዘጋጅ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አጣምሮ ነበር። እናቶቻችንም ስሙን ሳይጠሩት ሽሮን በእንጀራ ሲሰጡን ይህንኑ አድርገዋል።

የእኔ ምጥን በመጀመሪያው ዙር ሦስት እጅ እህል (ገብስ፣ ስንዴና አጃ) እና አንድ እጅ ጥራጥሬ ነበረው፤ ጥራጥሬውን ከሽምብራና ከአኩሪ አተር ከፈልኩት። አኩሪ አተር ጥሬውን ከተፈጨ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለበትና ጠረኑም ስለሚከብድ፣ አስቀድሞ ተቀቅሎ፣ ልጡ በእጅ ታሽቶ ወጥቶ፣ ደርቆ ከዚያ መቆላት አለበት። ዝናቡ ስለቆመ የጥቅምት ፀሐይ ይህን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሶልኛል። ሁሉም ለየብቻ መቆላት አለበት፤ አጃው ሲደርስ ሽምብራው ገና ነውና። ለውዝ ለመጨመር አስቤ ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ግን ዘይቱ ድንጋዩን ስለሚያጣብቀው አልቀበልም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለውዙ በማቅረቢያው ጊዜ ከጠርሙሱ በማንኪያ ይጨመራል።

አጥሚቱን ለመሥራት ሁለት ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በሚፈላ ውሃ ላይ ይፈስሳል፤ ሳይቋረጥ ከተማሰለ አይጓጉልም፤ በ7 ወይም በ8 ደቂቃ ይደርሳል። የሽምብራው ጠረን በመጀመሪያው ማሰሮ ላይ ጎልቶ ስለነበር ትልቋ «ሽሮ በስኳር ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። አስተያየቷ ትክክል ስለነበር በሁለተኛው ዙር ሽምብራውን በደንብ አስቆላሁት፤ የአጃውንም ድርሻ ከፍ አደረግሁት። አሁን ጠረኑ የለም፤ ትንሹም ኩባያውን ጨርሶ ይልሳል። የገንፎው ነገር ግን አልተሳካም፤ ገንፎ ተረጋግቶ ተቀምጦ የሚበላ ምግብ ስለሆነ ከሰርቪስ ጋር አይሄድም፣ ወደ እሑድ ተዛውሯል።

ስለ ሻይ

ሻይን ከገበታው ማውጣት ከዱቄት ሥራው ሁሉ ይበልጥ ክርክር አስነሥቷል፤ ክርክሩም ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከአማቴ ጋር ነው። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ጉዳቱ ይጎላል፣ ሰዓት ያህል ተራርቆ ሲጠጣ ይቀንሳል። ይህን ሳስረዳቸው «እናንተን በምን አሳደግናችሁ ታዲያ?» አሉኝ። በመጨረሻ የተስማማነው ሻዩ ከትምህርት ቤት መልስ እንዲሆን፣ ጠዋት ደግሞ ቀረፋና ዝንጅብል የፈላበት ውሃ እንዲቀርብ ነው፤ ሞቅ ያለ ነገር በእጅ መያዙ ነው እንጂ ቅጠሉ ለልጆቹ ጉዳያቸው አይደለም። በጾም ቀን ግማሽ ብርቱካን እጨምራለሁ፤ ቫይታሚን ሲ ከእህሉ የሚገኘው ብረት እንዲወሰድ ያግዛልና።

ኅዳር መግቢያ

አሁን ሳምንቱ በራሱ ይሄዳል። ሰኞና ሐሙስ ቅንጬ፣ ማክሰኞ አጥሚት ከእንቁላል ጋር፣ ረቡዕ በሶ በለውዝ፣ ዓርብ ተልባ ፍትፍት፤ ጨጨብሳ ማታ ቂጣ በተጋገረ ጊዜ የአንዱን ቀን ቦታ ይወስዳል። የጭኮው ዕቃ መጠባበቂያ ሲሆን፣ መብራት የጠፋ ወይም እኔ ያረፈድኩ ቀን የሚከፈተው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሥራ ስለጠራኝ አማቴ ልጆቹን ሸኝተዋል፤ የዘፈዘፍኩትን ቅንጬ አግኝተው ምንም ሳይጠይቁኝ ጥደውታል፣ ሻይ ግን ጨምረውበታል። የምሳ ዕቃው ባዶውን መመለስ ጀምሯል፤ ብስኩቱም ቦርሳ ውስጥ እየተሰባበረ ይመለሳል።

ያልተፈታው የዋጋ ጉዳይ ነው። ቅቤና ማር ከሁሉ በላይ የሚያስወጡን ስለሆኑ ጭኮውን ለሁለቱም ልጆች በየቀኑ ማድረግ አይቻልም፤ በቅቤው ግማሽ የተወቀጠ ለውዝ አስገብቼ የሠራሁት ጥሩ ቢበላም እንደ ቅቤው አይቆይም፣ በሦስተኛው ቀን ጣዕሙ ይለወጣል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ እየተሠራ ነው።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ወተትና እንቁላል ለትልቋ እስከ ገና ይወጣሉ። ለዚህ የሚሆነውን ምጥን ከአሁኑ ለይቼ ማስፈጨት አለብኝ፤ ጥራጥሬው ከአንድ ለሦስት ወደ አንድ ለሁለት ከፍ ይላል፣ ጭማሪውም ከአኩሪ አተር ይሆናል። አኩሪ አተሩ ዛሬ ማታ ይቀቀላል፤ ነገ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፣ ከ3 ሰዓት በኋላ በርበሬ መፍጨት ይጀምራሉና።